የሚስተር ማታይ ሹም ሲወድቅና ሲነሣ

ይህ ነገር ሊጻፍ ይገባዋል ወይ እያልሁ ብዙ አመንትቻለሁ። የምተርከው በዓይኔ አይቼው ስለማላውቀው፣ ስሙን እንኳ አስተካክዬ መጥራት ስለማልችለው አንድ የሕንድ ሹም ነው። እሱም የሕንድ አገር ሁሉ መሪ አልነበረም፤ እኛ መጀመሪያ ጠቅላይ ግዛት፣ ኋላ ክፍለ ሀገር፣ አሁን ደግሞ ክልል በምንለው ልክ አንዷን ግዛት ሲያስተዳድር የኖረ ሰው ነው። የእስቴ ሴት ስለ እሱ ምን አገባት የሚለኝ ቢመጣ መልስ ያጥረኛል። ነገር ግን መምህራችን፣ የመጨረሻ ልጄ እኩያ የሆነ ትሑት ወጣት፣ እያንዳንዳችን ያለፈ ዘመን ትዝታ ጽፈን ለክፍሉ መጽሔት እንድናቀርብ ሲያዝ ከልጆቹ ይልቅ ወደ እኔ እያየ ነበር። ጡረታ ወጥቼ አንደኛ ዓመት የገባሁ ተማሪ ነኝና የታዘዝሁትን አጓድዬ መገኘት አልፈልግም።

ደግሞም የቀሰቀሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ጸጉሯን የኮኮናት ቅባት ተቀብታ መጣች። የዛሬ ልጆች ከሱቅ ገዝተው የሚቀቡት ነው፤ ለእነሱ ብርቅ አይደለም። መምህሩ ስለ ነፋስና ስለ ዝናብ ሲያስረዳ እኔ ግን ክፍሉን ጥዬ ሄድሁ፤ መካነ ኢየሱስ፣ የአባቴ ግቢ፣ የቆርቆሮ ክፍሏ በር ላይ ደረስሁ። ልጅቱ ትንፋሼ ሳይሰማት አልቀረም፤ ዘወር ብላ ቅባቱ ረበሸዎት እንዴ እማማ አለችኝ። የለም ልጄ፣ እንዳለሽ ሁኚ አልኋት። የዚያን ቀኑን ትምህርት ኋላ ከእሷው ደብተር ገለበጥሁ።

የዚያን ጊዜዋ መካነ ኢየሱስ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እስከ ገበያው ሜዳ በአንድ ጊዜ የምትታይ ከተማ ነበረች። ቤቱ ሁሉ ሣር ነው፤ ቆርቆሮ የለበሰው የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጥቂት የነጋዴ ቤቶችና የእኛ ግቢ ብቻ ነበር። ወደ ገበያው መታጠፊያ ላይ ልብስ ሰፊው መኪናውን በረንዳ አውጥቶ ካኪ ሲሰፋ ይውላል፤ ለከርሞም እንዲሆነው ሰፋ አድርገው የማይል ወላጅ አልነበረም። አንድ ብር ይዞ የወጣ ሰው ዶሮ ገዝቶ፣ በመልሱ ለቤቱ ላምባ ለልጁ ከረሜላ ይዞ ይገባል፤ ዛሬ በአንድ ብር ክብሪት አይገኝም። ጎረምሶቹ እግሩ መሬት የሚጠርግ ሱሪ ከደብረ ታቦር እያስመጡ ገበያውን ይዞሩበታል፤ ሽማግሌዎቹም ይህ ጨርቅ ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር እያሉ ያዝናሉ። የሠርግ ወራት ሲደርስ የልጃገረዶቹ ዘፈን ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ዘፈኑን እወደው ነበር፤ ሙሽራ መሆንን ግን እፈራ ነበር፤ ከእኔ ጥቂት የሚበልጡት ልጆች አንድ በአንድ ከክፍላችን የጎደሉት በዚያ ዘፈን ነበርና።

ሚስተር ማታይ በግቢያችን ያለችውን ክፍል የተከራዩት እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ያን ጊዜ ከሕንድ የመጡ መምህራን በየወረዳው ነበሩ፤ ጋይንት ንፋስ መውጫም ሌላ አንድ ነበር። ሚስተር ቀጭን፣ ነጭ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ የማይለያቸው፣ በበጋም ጃንጥላ ዘርግተው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ጸጉራቸው በዚያ ቅባት ወደ ኋላ ተለጥፎ ያበራል። አማርኛ የተማሩት ከእናቴ ነው። እናቴ አክብራ እርስዎ ስለምትላቸው እሳቸውም ለፍጥረት ሁሉ እርስዎ አሉ፤ ለእኛ ለተማሪዎቹ፣ ለዶሮዋ፣ ለውሻችን። "ውሻ፣ እባክዎ ይውጡ" ሲሉ የሰማ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ወርቁ፣ የአባቴ የቅርብ ወዳጅ፣ ለውሻ ማዕረግ የሰጠ ሰው ክፉ ሊሆን አይችልም ብለው ፈረዱላቸው። መጀመሪያ በሃይማኖታቸው ያልተጠራጠረ አልነበረም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከእኛ እኩል ሲጾሙና ሲያማትቡ ሲታዩ ግን መሪጌታ አስጠርተው መረመሯቸው። ሐዋርያው ቶማስ አገራቸው ድረስ ሄዶ እንዳስተማረ ሚስተር ሲነግሯቸው፣ ይህንንስ ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ፣ ፍሬውን ግን ዛሬ ገና አየሁ አሉ።

አመሻሽ ላይ ሚስተር ሬዲዮናቸውን በርጩማ ላይ አስቀምጠው በሩ ላይ ይቀመጣሉ። ሬዲዮኑ እንደሚቆላ ገብስ ሲንጣጣ ይቆይና ድንገት የአገራቸው ሰው ድምፅ ብቅ ይላል። አባቴና መሪጌታ አንዲት ቃል ሳይሰሙ አብረው ያዳምጣሉ። ሚስተር የሰሙትን ይተረጉማሉ፤ የሚተረጉሙት ሁሉ ዞሮ ዞሮ ስለ አንድ ሰው ነው፣ ስለ ሹማቸው። ሰውየው በወጣትነቱ ታስሮ ነበር። ከእስር ወጥቶ መንደር ለመንደር በእግሩ እየዞረ፣ በሰው በረንዳ እያደረ ምረጡኝ አለ፤ አልመረጡትም። እንደገና ዞረ፤ መረጡት። በየመንደሩ ትምህርት ቤት ከፈተ። ጣሉት፤ ደግሞ መለሱት። አንድ ጊዜም ከጣለው ጠላቱ ጋር ተስማምቶ ሥልጣን ያዘ። ይህን ሲሰማ አባቴ ከጠላቱ ጋር ማዕድ ቀረበ ብሎ በጣም ተቀየመው፤ እስከ ማግስቱም ሬዲዮኑ አጠገብ አልደረሰም።

ሚስተር ሰውየውን የሚወዱበት ምክንያት ግን ሌላ ነበር። አንድ ቀን ትምህርት ቤታቸውን ሊጎበኝ መጥቶ ተማሪዎች መካከል አግዳሚው ላይ ቁጭ አለና የሚስተርን እናት በስሟ ጠርቶ ደህና ናት ወይ አላቸው። አንድ ሌሊት በረንዳዋ ላይ አሳድራው ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስተር የእሱ ሰው ሆኑ፤ እሱ ሲወድቅም የእሱ ሰዎች ናቸው ከተባሉት ጋር ከሥራ ወጡ። ሚስታቸውንና የእኔ እኩያ የሆነች ልጃቸውን ትተው ወደ እኛ የመጡት ለዚህ ነው። እሳቸው ሲመለሱ እኔም እመለሳለሁ ይሉ ነበር ሁልጊዜ። አባቴ ለሰውየው የሚስተር ደጃዝማች የሚል ስም አወጣለት። ኋላ ዘመኑ ማዕረግ ሲጠላ ዙሪያውን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ደጃዝማቹ እንዴት ሰነበቱ ይላል።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ በሚስተር አገር ምርጫ ሆነ፤ ሰውየውም ሊመለስ ተወዳድሮ ተሸነፈ። ሚስተር ሬዲዮኑን ዘግተው ገቡ፤ ምሳም እራትም አልበሉም። እናቴ በር ላይ ቆማ ምን ሆኑ ብትላቸው ሹማችን አሁንም ወደቀ አሏት። በእኛ አገር ደግሞ የወደቀ ሹም በሰላም ቤቱ ሲገባ የታየ አልነበረም። ማግስቱን ጎረቤት ሁሉ ተጠራርቶ እዝን ይዞ መጣ፤ ንፍሮ፣ እንጀራ፣ ሽሮ። ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ጆንያ ዘርግተው ተቀመጡ። መሪጌታ ነጠላቸውን አጣፍተው ለጸሎቱ ስማቸውን ማን ልበል ሲሉ ሚስተር ግራ ተጋቡ።

"አልሞቱም እኮ" አሉ።

"ታሰሩ?"

"ቤታቸው ናቸው። ነገ ሻይ ይጠጣሉ፣ ጋዜጣ ያነባሉ።"

አባቴ ወደ ፊት ጠጋ አለ። "የተሾመውስ? ያን ሰው ቤቱ እንዲህ አስቀምጦት እንቅልፍ ይወስደዋል?"

"ይወስደዋል። አምስት ዓመት ሲሞላ፣ አንዳንዴም ሳይሞላ፣ ደግሞ ይጠይቃሉ።"

"ማንን?"

"ሕዝቡን።"

ከዚያ መሪጌታ ቀስ ብለው፣ እንዲህ ከሆነ ለቅሶው የሚገባው ለእኛ ነው አሉ። የሳቀ ሳቀ፣ ያልሳቀም ሰሚ እንዳይኖር ወደ በሩ ተመለከተ። ጆንያ ከተዘረጋ ግን ሳይሠልስ አይነሣም። ስለዚህ የመካነ ኢየሱስ ሰው በሕይወት ላለ የሕንድ ሹም ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ስለ እርሻ፣ ስለ በሬ፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት እያወራ። ሚስተርም በሁለተኛው ቀን ንፍሮውን መቆርጠም ጀመሩ።

የእኔ ነገር ከሰውየው ዕጣ ጋር የተሳሰረው ሰባተኛ ክፍል ስገባ ነው። በስማዳ፣ ወገዳ አጠገብ፣ አያ ሙላት የሚባል ባለ ብዙ በሬ ገበሬ ነበር። እኔ ጡት ሳልጥል አባቴ ለልጁ ሊድረኝ ቃል ገብቶለት ኖሯል። አያ ሙላት በቅሎውን ይዞ መጣና ልጅቱ ደርሳለች አለ። እናቴ አለቀሰች። ሚስተር ሰምተው አባቴ ዘንድ ገቡ፤ በዚያ በሚሰነካከል አማርኛቸው ልጅቱ ሒሳብ ታውቃለች፣ ስምንተኛን ትፈተን፣ እባክዎ አሉ። አባቴ ለሚስተር እምቢ ማለት አልቻለም፤ ለአያ ሙላት የሰጠውንም ቃል ማጠፍ አልቻለም። ቃሉን ያጠፈ ሰው በዚያ አገር ሸንጎ መሐል ቆሞ መናገር አይችልም ነበር። በመጨረሻ መሪጌታ ባሉበት እንዲህ ሲል ወሰነ፤ "ሚስተር በግቢዬ እስካሉ ድረስ ልጅቱ ትማር። እሳቸው የወጡ ዕለት ቃሌ ለሙላት ነው።"

እንግዲህ ሰውየው ቢመረጥ ሚስተር አገራቸው ይገባሉ፤ ሚስተር አገራቸው ቢገቡ እኔ ወገዳ እገባለሁ። ከዚያ ወዲያ ከተማው በሕንድ ፖለቲካ ለሁለት ተከፈለ። አያ ሙላት አርብ አርብ ወደ አርብ ገበያ ሲወርድ ከንፋስ መውጫ የመጡትን ነጋዴዎች እየያዘ እዚያ ያለው ሕንድ ምን ሰማ ይላል። በሕይወቱ ሬዲዮ ነክቶ የማያውቅ ገበሬ ሰውየው በየትኛው አውራጃ ድጋፍ እንዳለው ይናገር ጀመር። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ፣ "አያ ሙላት፣ ደጃዝማችህ እንዴት ነው?" ይለዋል። እሱም "ዘንድሮ ይነሣል" ይላል፤ ስለ ወደቀ በሬ እንደሚናገር። እናቴ በበኩሏ ሰውየው እንዳይመረጥ ጧፍ ታበራለች። ሚስተር ጧፉን ያያሉ፤ ለምን እንደሚበራም ያውቃሉ፤ አንድ ቀን እንኳ ቅር ብሏቸው አላየሁም። ሒሳብ ሲያስጠኑኝ ብቻ አልፎ አልፎ ፊታቸውን ወደ ሬዲዮኑ ያዞሩና ተመልሰው "ይቀጥሉ፣ ይታይሽ" ይሉኛል። ስሜን በእሳቸው አፍ የሰማሁበት ያ ድምፅ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከትንሣኤ በኋላ፣ አያ ሙላት ላብ እያጠመቀው ከግቢያችን ደረሰ። የንፋስ መውጫው ሕንድ ፍየል አርዶ ጎረቤቱን ጋብዟል፤ ሰውየው ከሁዳዴ ጀምሮ በወንበሩ ላይ ነው፤ የእናንተው ለምን ዝም አለ አለ። አባቴ ሚስተርን አስጠራቸው። እኔና እናቴ ከጓዳው በር ኋላ ቆመን ነበር።

"ሚስተር፣ ደጃዝማቹ ተመልሰዋል?" አለ አባቴ።

"ተመልሰዋል፣ አያ ታረቀኝ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉን?"

"ይታይሽ ሰኔ ላይ ትፈተናለች።"

"ሥራዎ እስከዚያ ይጠብቅዎታል?"

"አይጠብቅም። ወረፋው ብዙ ነው። ቀድሞ የደረሰ ይገባል።"

አያ ሙላት ሳቀ። "የሰው አገር ሰው ለእኔ ምራት እንጀራውን ይተዋል? ልጅ የለዎትም እንዴ?"

"አለችኝ" አሉ ሚስተር። "የእሷ ትምህርት ቤት ከቤታችን በር ላይ ነው። እሳቸው ናቸው ያሠሩት። እሷ ለመማር እኔን አትፈልግም።" ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። "ቃሉ እኔ በግቢው እስካለሁ ነው። እኔ እዚህ ነኝ።"

አባቴ አንገቱን ደፋ። አያ ሙላት ጠላውን ሳይጨርስ በቅሎውን ፈታ።

ሰኔ ላይ ተፈተንሁ። ውጤቱ ሳይመጣ ሬዲዮኑ ሌላ ነገር ተናገረ፤ ከሰውየው ጋር የተባበሩት ጥለውት ወጥተው መንግሥቱ ፈረሰ። ሚስተር ሊገቡበት ይችሉ የነበረው በር ሳይደርሱበት ተዘጋ። በዚህ ጊዜ ለቅሶ የደረሰ የለም፤ ሰዉ ለምዶ ነበር። ሚስተርም ለአባቴ ወደቁ ብለው ትንሽ ሳቁ። ይሁን እንጂ ውላቸው አልቋል፤ ሥራ ባይኖርም ወደ ልጃቸው መሄድ ነበረባቸው። ዕቃቸውን ለጓደኞቻቸው ሸጡ። የሽቦ አልጋቸውን ደግሞ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሊወስደው ተስማምቶ ነበር። መንገድ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው አባቴ ክፍላቸው በር ላይ ቆመና፣ "ሚስተር፣ አልጋውን አይሽጡት" አላቸው።

"ለምን?"

"በእኛ አገር አልጋው የተነጠፈ ሰው ወጣ አይባልም።"

ሚስተር አባቴን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ የታሰረውን ጓዝ ፈትተው አንሶላ አወጡ፤ ጎንበስ ብለው አነጠፉት፤ አራቱንም ማዕዘን ወደ ውስጥ አጠፉት። አባቴ እጃቸውን ይዞ ሳመ። ሐምሌ አምስት፣ ጾመ ሐዋርያት ሲፈታ፣ በዝናብ፣ በአንድ የጭነት መኪና ጋቢና ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር መኪናው ቀስ ይል ነበርና ነጭ ሸሚዛቸው እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ታየን።

ወንዙ ሲጎድል አያ ሙላት መጣ። አባቴ የክፍሏን በር ከፈተለት። አያ ሙላት አልጋውን አየ፣ አባቴን አየ፣ ከዚያ ፍርድ ፍለጋ መሪጌታን አየ።

መሪጌታ፣ "ሙላት፣ አንሶላው ላይ አቧራ አለ?" አሉት።

"የለም።"

"እንግዲያ ሰውየው መንገድ ሄዷል እንጂ ቤቱን አልለቀቀም።"

"አንድ ሕንድ ስንት ዘመን መንገድ ይሄዳል፣ መሪጌታ?"

"እሱን ደጃዝማችህን ጠይቅ።"

አያ ሙላት መቆጣት ፈልጎ ነበር፤ ሳቅ ቀደመው። በልታችሁኛል አለና ተቀመጠ። ያን ቀን ጠላውን እስከ መጨረሻው ጠጣ። ልጁም በዓመቱ ከዚያው ከስማዳ ሌላ ልጅ አገባ፤ በሠርጉ እኛም ተጠርተን ሄደናል።

እኔ ዘጠነኛ ክፍልን ብዬ ደብረ ታቦር ወረድሁ። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ያችን ክፍል ራሱ ይጠርጋል፤ አንሶላውን ያራግፋል። ሴት አያስነካም፤ ቃሉ የእኔ ነው ይል ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ባገኘ ቁጥርም የሚስተር ደጃዝማች ተመለሱ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የሚያውቅ አንድም ሰው አላገኘም። እሱ ካረፈ ብዙ ዘመን ሆነ፤ መሪጌታም፣ አያ ሙላትም። የቆርቆሮ ክፍሏ ፈርሳ ዛሬ ቦታው ላይ የሞባይል መጠገኛ ሱቅ ቆሟል።

ባለፈው ሳምንት ከክፍል ስንወጣ ያችን ባለ ቅባት ልጅ ለመንኋትና የማስታውሰውን ሁሉ ነገርኋት፤ ስልኳን ትንሽ ነካካችና ሰውየውን አገኘችው። ነጭ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ አበባ የተደረበለት ሽማግሌ ነው። ሚስተር ከሄዱ በኋላም ተመልሷል፤ ወድቋል፤ ደግሞ ተመልሷል፤ አርጅቶ ነው የሞተው። ፊቱን ሳየው ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። ሚስተርስ አልኋት። ሙሉ ስማቸው ማን ነው አለችኝ። ማታይ ከሚለው ሌላ አላውቅም። እማማ፣ በዚያ አገር ማታይ የሚባል ሰው ስፍር ቁጥር የለውም አለችኝና ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሹሙ ሲመለስ ሥራቸውን አግኝተው ይሆን? ልጃቸው ተምራ ምን ሆና ይሆን? እኔ መምህርት እንደሆንሁ ሳያውቁ መቅረታቸው ከሁሉ ይልቅ ያንገበግበኛል።

የመምህርነት ሥልጠናዬን ጨርሼ መጀመሪያ የተመደብሁት ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ነበር። ልሄድ ስል አባቴ ክፍሏን ከፍቶ አንሶላውን አነሣ፤ አልጋውን ፈታታው፤ ብረቱን በሁለት አህያ ላይ ጫነልኝና ገመዱን ሁለት ጊዜ አጠበቀው። መምህርት መሬት ላይ አትተኛም አለኝ። ከዚያ ወደ ባዶዋ ክፍል ዞሮ ጥቂት ቆመና፣ "አሁን ሚስተር ወጡ ማለት ይቻላል" አለ።

ስለዚህ ሚስተር ማታይ ከግቢያችን የወጡት መስከረም ሃያ አንድ ቀን፣ በግሸን ማርያም ዕለት ነው።